የቺሌን ሳልሞን የጨረሰው ቫይረሱ ብቻ አይደለም

የቺሌ የሳልሞን ዓሣ እርባታ በበሽታ የደረሰበት ጥፋት ሲነሳ እንደ ድርቅ ወይም እንደ ጎርፍ ነው የሚወራው። መጣ፣ አጠፋ፣ ሄደ፤ ማንም አይጠየቅም። እኔ በዚህ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በደቡብ ቺሌ፣ በቺሎዌ ደሴቶች፣ የአትላንቲክ ሳልሞን በሚረባበት ቦታ የሳልሞን ተላላፊ ደም ማነስ የሚባለው በሽታ ተገኘ። ቫይረሱ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዘመድ ነው። ሰውን አይዝም። ዓሣው ግን ደሙ ያልቃል፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ይገረጣል፣ ጉበቱ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይሞታል። በሽታው አዲስ አልነበረም። ኖርዌይ ከ1984 ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ስኮትላንድም በ1998 ደርሶባታል።

ታዲያ ቺሌ ላይ ለምን ያን ያህል ከፋ? እርባታዎቹ ባሕር ላይ በመረብ ታጥረው፣ ተጠጋግተው ነበር የተሠሩት። ትልቁም ትንሹም ዓሣ አንድ ቦታ ይኖራል፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል፣ ውሃው ባዶ ሆኖ የሚያርፍበት ጊዜ የለም፤ በዚያ ላይ ቆዳው ላይ የሚጣበቀው የባሕር ቅማል ዓሣውን አዳክሞታል፣ ጀልባውና ጫጩት ዓሣውም ከቦታ ቦታ ይመላለሳል። ቫይረስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? በ2008 ከ380 ሺህ ቶን በላይ የነበረው የአትላንቲክ ሳልሞን ምርት በ2010 ከ130 ሺህ በታች ወረደ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ሳይ ነው። በደቡብ ቺሌ ፖርቶ ሞንት ከተማና ቺሎዌ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ። ፋብሪካ ውስጥ ቆመው ዓሣ ሲያጸዱና ሲቆርጡ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ሴቶች። መረቡ ውስጥ ስንት ዓሣ ይግባ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

«ማን ያውቅ ነበር?» የሚል ካለ በሰሜን አትላንቲክ ያሉትን የፋሮ ደሴቶች ይመልከት። እዚያ በሽታው የገባው በ2000 ነው፣ እርባታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ግን በ2003 ደንባቸውን ቀየሩ። በአንድ የእርባታ ቦታ አንድ ትውልድ ዓሣ ብቻ ይገባል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል፣ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት ውሃው ይረፍ አሉ። በኋላ ክትባትም ጨመሩ፣ ምርታቸውም አገገመ። ልብ በሉ፣ ይህ ቺሌ ውስጥ በሽታው ከመታየቱ አራት ዓመት በፊት የተጻፈ ደንብ ነው። ቺሌ እርባታዎችን በአካባቢ ከፋፍላ አብረው እንዲያርፉ የሚያስገድደውን ሕግ ያጠናከረችው በ2010 ነው፤ ያ ሁሉ ዓሣ ካለቀ፣ ያ ሁሉ ሰው ከተበተነ በኋላ።

ስለዚህ በየትኛውም አገር ባሕር ላይ ዓሣ ላርባ ለሚል ኩባንያ፣ የማሳረፊያው ጊዜና የእርባታዎቹ ርቀት ከመጀመሪያው ቀን ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ይህን የማይቀበል ፈቃድ አያግኝ። በሽታ ገብቶ ሥራ ሲቆም የሚከፈል የሠራተኞች ደመወዝም፣ ትርፉ ሲገባ እያለ ቀድሞ ይቀመጥ።