ፖፒ የሌለው ደረት ሁሉ የመጤ ነው?

ዝነኛው የካናዳ ቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ተንታኝ ዶን ቼሪ ሰኞ ዕለት፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2019፣ ከሥራው ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ቶሮንቶ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሥራ ቦታ ሻይ ስጠጣ ቼሪ፣ ታክሲ ስሳፈር ቼሪ። ሆኪ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ጠበቃ ሆኖለታል። (ሰውየው በ2019 የ85 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ ወግ «አንቱ» ማለት ነበረብኝ። ለዛሬ ይቅርብኝ።)

ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ቅዳሜ ማታ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2019፣ «ሆኪ ናይት» በሚባለው የቅዳሜ ማታ የሆኪ ስርጭት እረፍት ላይ፣ ከ30 ዓመት በላይ በነገሠበት «ኮችስ ኮርነር» በተባለው ክፍል፣ ሰው ለጦር ሜዳ ሙታን መታሰቢያ ደረት ላይ የምትሰካዋን ቀይ አበባ፣ ፖፒን፣ ማድረግ ትቷል ብሎ ተቆጣ። የቶሮንቶ ጎረቤት ከተማ ሚሲሳጋ የሚያደርግ የለም ማለት ይቻላል፣ መሀል ቶሮንቶማ እርሱት አለ። እዚህ ድረስ ደህና። ከዚያ ነገሩን ወደ መጤው አዞረው። «እናንተ ሰዎች» እዚህ መጥታችሁ አኗኗራችንን ትወዱታላችሁ፣ ወተትና ማራችንን ትወዱታላችሁ፣ ቢያንስ ለፖፒ ሁለት ዶላር ብትከፍሉ ምናለበት አለ። አጠገቡ የተቀመጠው አብሮ አቅራቢው ሮን ማክሊን አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ድጋፉን አሳየ፤ እሑድ ግን ይቅርታ ጠየቀ። ቼሪ ንቅንቅ አላለም። ሰኞ፣ በራሱ በመታሰቢያው ቀን፣ አሠሪው የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ስፖርትስኔት አሰናበተው።

ደጋፊዎቹ ከሁሉ በላይ የሚወዷት መከራከሪያ ይቺ ናት፦ «ወታደሮቹ የሞቱት እኮ ለመናገር ነጻነት ነው!» እሺ። ታዲያ ሰውየው መናገር ማን ከለከለው? ፖሊስ በሩን አንኳኳ? ማክሰኞ ጋዜጣው የእሱ፣ ቴሌቪዥኑ የእሱ፣ ሬዲዮው የእሱ ነበር። ያጣው ነገር ቢኖር ቅዳሜ ማታ አገር ሁሉ የሚያየውን ወንበር ነው። ወንበር ደግሞ መብት አይደለም፣ ሥራ ነው። እኔ ነገ የመሥሪያ ቤቴን ደንበኞች ሰብስቤ «እናንተ ሰዎች» ብል ከሰዓት በኋላ ቤቴ ነኝ። ማንም ስለ ነጻነቴ አያለቅስም።

ሌላው «እናንተ ሰዎች ማለት ምን ክፋት አለው?» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲል ያስቀኛል። እናት ልጆቿን «እናንተ! ምሳ ቀርቧል» ስትል አንድ ነገር ነው። አከራይ ደጃፍ ላይ ቆሞ «እናንተማ…» ብሎ ሲጀምር ሌላ ነው። የሁለተኛዋን «እናንተ» ድምፅ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ከኋላዋ ሁልጊዜ «እኛ» አለች፣ ቤቱ የእኛ ነው የምትለዋ።

ግን ይህን ሁሉ ልተወው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ለሦስት ቀን ለጠበቆቹ ሁሉ አቅርቤ መልስ አላገኘሁም። ሰውየው እንዴት አወቀ?

እስቲ አስቡት። ሚሲሳጋ አንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆሟል። ሰው ያልፋል። ደረቱ ላይ ፖፒ የለም። መጤ መሆኑን በምን ለየ? ፓስፖርት ደረት ላይ አይሰካም። ባለፈው ወር ከዩክሬን የገባ ጠጉረ ወርቃማ ሰው አጠገቡ ቢያልፍ «ይሄ የእኛ ልጅ ነው» ነበር የሚለው። ብራምፕተን የተወለደ፣ ጥምጣም ያሰረ ጎረምሳ ቢያልፍ ግን «ወተትና ማር ጠጪ» ይሆናል። ልጁ ከእናቱ ማሕፀን ወጥቶ ያየው አገር ካናዳ ብቻ ነው። ሰውየው ፊት አይቶ ፈረደ። ሌላ ማስረጃ ሊኖረው አይችልም፣ የለውምም!

ደግሞ ፖፒ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ አገር የምንኖር እናውቀዋለን። ቀይ አበባ፣ መሀሉ ጥቁር፣ ከኋላው ቀጥ ያለች መርፌ። መቆለፊያ የላትም። ጣት ትወጋለች፣ ከዚያ ሾልካ ትሄዳለች። እኔ ዘንድሮ ሦስት ገዝቻለሁ። አንደኛዋን የምድር ባቡር ውስጥ ጣልኳት። ሁለተኛዋን የቦርሳዬ ማንገቻ ይዟት ሄደ። ሦስተኛዋ ካፖርቴ ላይ አለች፤ ካፖርቴ ግን ሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ ነው የሚውለው። እንግዲህ ቼሪ ምሳ ሰዓት ላይ በሹራብ ቢያገኘኝ ምን ሊል ነው? ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ። ሳጥኗ ላይ ደግሞ ዋጋ አልተጻፈም፤ ሰው የፈቀደውን ነው የሚከተው። ደረሰኝ ይዤ ልዙር?

በዚያ ላይ ራሱ ተናግሯል እኮ። መሀል ከተማ «እርሱት» አለ። እነዚያ ረጃጅም የባንክ ሕንጻዎች ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው? አያቱም ቅድመ አያቱም እዚሁ የተቀበሩ ስንት ሰው ባዶ ደረቱን ይዞ ይሄዳል። ጥፋቱ የሁሉም ከሆነ ሒሳቡ ለእኛ ብቻ የመጣው ለምንድን ነው?

ወተትና ማሩንም ልጠይቅ። ጨለማ ሳይገፍ፣ በረዶ ላይ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቀው ማነው? ማሩን የሚቀዳ ሰው ካለ አድራሻውን ይንገረኝ።

ከሚሲሳጋ ኪችነር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የበካም ሲንግ መቃብር አለ። ከፑንጃብ በልጅነቱ የመጣ መጤ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ለካናዳ ጦር ተመዘገበ፣ በ1916 ቤልጂየም፣ ፍላንደርስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። ፍላንደርስ! ፖፒዋ ራሷ የመጣችበት ሜዳ። በ1919 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ በ2019 ልክ 100 ዓመት ሞላው። ፖፒ እኮ የእሱም መታሰቢያ ናት። ካናዳ በኮሪያ ጦርነት ለወደቁባት 516 ልጆቿም ናት፤ በዚያው ጦርነት፣ በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ቀብሯል። ወታደር የማክበር ትምህርት ለእኛ በቴሌቪዥን አይሰጥም።

«መጤ ሆኪ አይገባውም» የሚሉም አልጠፉም። የሆኪ ናይት የፑንጃቢ ስርጭት ከ2008 ጀምሮ አለ። በ2016 የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ ዋንጫ በሆነው የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የፒትስበርጉ ተጫዋች ቦኒኖ ጎል ሲያገባ የፑንጃቢው አስተላላፊ ሃርናራያን ሲንግ «ቦኒኖ፣ ቦኒኖ፣ ቦኒኖ» እያለ የጮኸውን ያልሰማ የሆኪ አፍቃሪ ካለ እኔ ልጠራጠረው።

«አፉን አዳለጠው» የሚለው ደግሞ ያናድደኛል። አላዳለጠውም፤ ያልኩትን ብያለሁ ብሏል። አመሉም የትናንት አይደለም። በ1989 ፊንላንዳዊውን አሠልጣኝ አልፖ ሱሆነንን በስሙ ምክንያት የውሻ ምግብ ይመስላል ብሎ ቀለደበት። በ2004 የፊት መከለያ የሚያደርጉት አብዛኞቹ አውሮፓውያንና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው ሲል ያኔ ፕሮግራሙን ያስተላልፍ የነበረው የካናዳ የሕዝብ ማሰራጫ ሲቢሲ ስርጭቱን በ7 ሰከንድ ማዘግየት ጀመረ። አንድን ሰው ለማስተላለፍ ሰባት ሰከንድ መፍራት ካስፈለገ ሰውየውን ለምን ታስተላልፋለህ? ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። አሠሪዎቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ያንን አፍ እያወቁ ነው ለዓመታት የሸጡት፣ የቢራ ማስታወቂያ የለጠፉበት። ሰኞ ዕለት ድንገት ሕሊና አበቀሉ። ቢሆንም፣ ዘግይቶም ቢሆን ትክክል ነው።

ወታደሮችን ይወዳል የሚለውን እቀበላለሁ። ለገና ካንዳሃር ድረስ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ያ ፍቅር እኔን ለመስደብ ፈቃድ አይሆነውም፣ አለቀ።

ይህ ቅዳሜ ጨዋታው እንደተለመደው አለ። አየዋለሁ። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ያለውን እረፍት በምን እንደሚሞሉት እነሱ ይወቁበት። እኔ እንደሆነ ያኔም በዚያ ሰዓት ቡና ነበር የማፈላው።