14 ሰርቨር አላችሁ ተባልን

ሰርቨራችን አንድ ነው። አንድ! ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ 128 ጊጋ ራም ያለው አንድ ብረት። እሱ ላይ ሃይፐርቫይዘር፣ ማለትም አንዱን ብረት ለብዙ ማሽን የሚያከፋፍል ሶፍትዌር፣ ጭነን 14 ቨርቹዋል ማሽን እናስኬዳለን፤ በሶፍትዌር ብቻ ያሉ ኮምፒውተሮች ማለት ነው። የፋይናንሱ፣ የሰው ሀብቱ፣ የመዝገቡ፣ የኢሜይሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ገብቶ ፓስወርድ የሚመታበት ዶሜይን ኮንትሮለር ሳይቀር እዚያች ብረት ላይ ናቸው። 14 እና 1፣ እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝማ።

ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ሰርቨር ማለቂያ የለውም። «ቨርቹዋል ነው አይደል? ክሊክ ክሊክ አድርግና አንዲት ጨምርልን እንጂ፣ ምን ትሆናለህ?» ይሉኛል። ከየክፍሉ ይመጣሉ። ለሁለት ሳምንት ሙከራ ብለው የወሰዱት ማሽን ዓመት አልፎት ማንም ሳይገባበት ራም ይዞ ተቀምጧል። ላጥፋው ስል «ኧረ ተው፣ ምናልባት እንፈልገው ይሆናል» ይባላል። የሚመልስ ሰው አላየሁም። ጠረጴዛና ወንበር ቢሆን ቦታ አጣበበ ብለው በማግስቱ ያስወጡት ነበር።

ዲስኩም ቢሆን እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ማሽን 500 ጊጋ አለኝ ብሎ ያምናል፣ ቦታው በእውነት የሚያዘው ግን ሲጻፍበት ነው። ሁሉም የተነገረውን ያህል እስካልሞላ ድረስ ሰላም ነው። ዕቁብ በሉት፤ አባላቱ ሁሉ በአንድ ቀን «ዕጣው ለእኔ ይውጣ» ያሉ ዕለት ሰብሳቢው ምን ይውጠው? ዲስኩ ጢም ያለ ቀን ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ማሽኖቹ መጻፊያ አጥተው ባሉበት ቀጥ ይላሉ፣ ስልኬ ደግሞ መጮኽ ይጀምራል።

«ሲስተሙ ተንቀራፈፈ፣ ኮር ጨምርበት» የሚሉኝም አሉ፤ ኮር የሚሉት ስሌቱን የሚሠራውን የፕሮሰሰሩን ክፍል ነው። 4 የነበረውን 16 አድርግልን። ኮሩ እኮ የጋራ ነው! ብረቱ ሥራ በበዛበት ሰዓት 16 ኮር የተሰጠው ማሽን ያን ሁሉ ኮር ለማግኘት ተራ ሲጠብቅ ከበፊቱ ይብስበታል፣ ጎረቤቶቹንም ይዞ ይንቀራፈፋል። ይህን ባስረዳሁ ቁጥር «ሰስቶ ነው» በሚል ዓይን ያዩኛል። ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ኮር ይመስል!

አሁን ወደ ሰኔ 30 ልውሰዳችሁ። የበጀት ዓመት መዝጊያ፣ የንብረት ቆጠራ። ቆጣሪው ዕድሜ የጠገቡ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ወረቀታቸውን ይዘው ገቡ።

«ሪፖርታችሁ ላይ 14 ሰርቨር ይላል። እስቲ አሳየኝ።»

«ጋሼ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው» ብዬ ብረቱን አሳየኋቸው።

«ክፈተዋ።»

«ቢከፈትም አይታዩም።»

«የማይታይ ንብረት ምን ብዬ ልጻፍ? ሞዴል 19 አላቸው?»

«የላቸውም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ጻፉ፦ የተገኘ 1፣ ያልተገኘ 13። በሳምንቱ የ13 ሰርቨር ጉድለት ማብራሪያ እንድሰጥ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሰውየው አልፈርድም፤ ሥራቸው የሚዳሰስ ነገር ላይ ቁጥር መለጠፍ ነው። እኔ የምፈርደው ከደብዳቤው ቀጥሎ በመጣው ላይ ነው። ያው መሥሪያ ቤት፣ ያው ሰሞን፣ ሁለተኛ ብረትና፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ለሚይዝልን ዩፒኤስ ባትሪ ይገዛልን ብለን ጠየቅን። የበጀት ኮሚቴው መልስ ምን ሆነ? «14 ሰርቨር እያላችሁ አሥራ አምስተኛ ለምን?»

ኧረ በማርቆስ! ሲቆጠር 1፣ በጀት ሲጠየቅ 14። ለጠፋው 13 ተጠያቂ ነኝ፣ ያው የጠፋው 13 ደግሞ አዲስ እንዳይገዛ ምክንያት ይሆናል።

አንድ ብረት ሲወድቅ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ ክረምት ላይ ይምጣ። ነጎድጓዱ ከጮቄ በኩል ሲመጣ መብራት ይሄዳል። የዩፒኤሱ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ማሽኖቹን በሥርዓት ለማጥፋት እንኳን ጊዜ ሳይሰጠኝ ጢጥ ብሎ ዝም። ድሮ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ኮምፒውተር ነበረው፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይሠራ ነበር። አሁን 14ቱም አብረው ይሄዳሉ። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ 14ቱም እኩል ብድግ ብለው አንድ ዲስክ ላይ ይረባረባሉ። የፋይናንሱ ፕሮግራም ዳታቤዙን ሳይጠብቅ ይነሣና «ዳታቤዝ የለም» ብሎ ይሞታል። ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚነሣ በቅደም ተከተል ካላስያዝከው የሚገላግል የለም።

ሰዓቱስ? ቨርቹዋል ማሽን ሲነሣ ሰዓቱን የሚያየው ከብረቱ ነው። የዶሜይኑ መግቢያ በሚሠራበት በኬርቤሮስ ደግሞ የሚፈቀደው የሰዓት ልዩነት፣ ካልቀየሩት በቀር፣ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ መብራት ከተመለሰ በኋላ አንድ ደግ ባልደረባ ገብቶ የብረቱን ሰዓት «አስተካከለልኝ»፤ በሐበሻ ሰዓት! 6 ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ። ያን ጠዋት የደረሰብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

እኛ ውስጥ ስንራወጥ መስኮቱ ላይ ምን ይባላል? «ሲስተም የለም።» ከስናን፣ ከማቻከል ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ገበሬ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ቆሟል፣ የሚሰማው ይህችን ነው። ነገ ይምጡ። የትራንስፖርቱን፣ የቡናውን፣ የባከነውን ቀን ማን ይከፍለዋል? ያ ገበሬ በአንድ ባትሪ እጥረት መመለሱን የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ አይመዘግበውም።

ሶፍትዌር አቅራቢዎቻችንም አሉ። ከአዲስ አበባ በስልክ «አፕዴት ስለምንጭን ስናፕሾት ያዝልን» ይላሉ፤ ነገር ከተበላሸ ማሽኑን ወደነበረበት ለመመለስ ነው። እሺ። ጭነው ይጠፋሉ፤ ስናፕሾቱን አጥፋው የሚል የለም። ስናፕሾት ቁጭ ብሎ ያድጋል፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ለውጥ ሁሉ እሱ ላይ ይከመራል። ሃይፐርቫይዘር ሠሪው ቪኤምዌር ራሱ አንዱን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል። የእኛ ሰዎች ግን «ባካፕ አለን፣ ስናፕሾት ይዘናል» ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ። ያው ዲስክ ላይ ያለ፣ ከዋናው ፋይል ተነጥሎ መቆም የማይችል ነገር ምኑ ነው ባካፕ? ዲስኩ ሲሄድ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

ስለ ላይሰንስ ብዙ አላወራም። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቪኤምዌርን ገዝቶ፣ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመ፤ በ2024 መጀመሪያ ኢኤስኤክስአይ የሚባለውን ሃይፐርቫይዘር ነፃ ዕትም አስቀረ፣ በ2025 ደግሞ መልሶ አወጣው። ንብረቱ ነው፣ እንዳሻው። ያንኑ ሥራ የሚሠራ ፕሮክስሞክስ አለ፣ ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ እምብርት (ከርነል) ውስጥ ባለው ኬቪኤም በሚባል የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ የሚሠራ፤ በነፃ ይወርዳል። ችግሬ ሶፍትዌር ሆኖ አያውቅም። ሁለት ብረት ቢኖረኝ አንዱ ሲወድቅ ማሽኖቹ ሌላው ላይ እንዲነሡ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱ ግንኙነታቸው ተቋርጦ ሲለያዩ ማን ትክክል እንደሆነ በድምፅ የሚለይ ሦስተኛ ይፈልጋል እንጂ፣ ለዚያ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። አሮጌ ዴስክቶፕ ግምጃ ቤት ሞልቷል፣ ለዓይን የሚታይ፣ ቁጥር የተለጠፈበት። እሱንም ጠይቄ «ለማስወገድ በሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ።

የጉድለቱ ማብራሪያ እስካሁን «በመታየት ላይ» ነው። ትናንት ደግሞ ለሥልጠና ምዝገባ የሚሆን አዲስ ሰርቨር ይሰጠን የሚል ደብዳቤ መጥቷል፤ ራም ከ64 ጊጋ ያላነሰ፣ «ያላነሰ» የሚለው ተሰምሮበታል። እና ወገን፣ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ጤነኛ 12 ቮልት 9 አምፔር-ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ያየ ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። በደመወዜ ነው የምገዛው፣ የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አልጠይቅም።