ማስተካከያ፦ የከሰል አመድና ኮምፖስት

ባለፈው ከወጥ ቤት ተረፈ ምርት ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ስለማዘጋጀት ስጽፍ «የከሰል አመዳችሁን በሙሉ ጨምሩበት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የግብርና ባለሙያዎች የኮምፖስት መመሪያዎች የሚመክሩት በየንብርብሩ ስስ አድርጎ መነስነስ ነው። በእፍኝ እንጂ በባልዲ አይደለም።

አመድ በልኩ ሲሆን ፖታሲየምና ካልሲየም ይሰጣል። ሲበዛ ግን በኮምፖስቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን፣ ማለትም የተክሉ ምግብ፣ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይተናል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ እሱ ነው፤ ማዳበሪያችሁ በአየር ላይ እየሄደ ነው ማለት ነው።

አብዝታችሁ ከሆነ አትድፉት። ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ጨምራችሁ አገላብጡት። ሽታው ሳይጠፋ ችግኝ ላይ እንዳታደርጉት፣ ሥሩን ይጎዳል።