ጸጥታን ድል ለነሡ ጀግኖች

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የቆየ የሮክ አልበም «በአዲስ መልክ ሪማስተር ተደርጎ» ቀርቦልናል፤ ማለትም ቀረጻን ለኅትመት የሚያበቃው የመጨረሻ የድምፅ ዝግጅት፣ ማስተሪንግ የሚሉት፣ እንደ አዲስ ተሠርቶለታል። ማስታወቂያው እንደ ወትሮው ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ የጎላ፣ የጠራና የሞላ መሆኑን ያበሥራል። ከሦስቱ ተስፋዎች አንዱ ያለ ጥርጥር ተፈጽሟል፤ የቀሩትን ሁለቱን ለማረጋገጥ ግን አልበሙን እስከ መጨረሻው የሚችል ጆሮ ያስፈልጋል፣ እኔም ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ራሴን ይዤ ተነሣሁ። እንዲህ ያለውን ድካም በቅሬታ መመለስ ነውር ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የሮክ ሙዚቃን ከጸጥታ ቀንበር ለማላቀቅ ሌት ተቀን ለደከሙት የማስተሪንግ ባለሙያዎችና በተለይም ከጀርባቸው ቆመው «ትንሽ ጨምርበት» ለሚሉት አለቆቻቸው የሚገባቸውን ምስጋና ላቀርብ ወድጃለሁ።

በቅድሚያ የሚመሰገኑት ስላሰፈኑት እኩልነት ነው። ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ይል በነበረበት በዚያ ኋላ ቀር ዘመን፣ አንድ ዘፈን በብቸኛ ጊታር ለስለስ ብሎ ይጀምርና ባንዱ በሙሉ ሲገባ አድማጩን ከመቀመጫው ያነቃንቀው ነበር። ይህ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነው፤ ብቸኛዋ ጊታር በምን ዕዳዋ ከሌሎቹ አንሳ ትሰማለች? ዛሬ፣ ድምፅ ከተወሰነለት ጣሪያ እንዳያልፍ ለሚደፍቀው መሣሪያ፣ ለሊሚተር፣ ምስጋና ይግባውና፣ መግቢያውም አዝማቹም መደምደሚያውም በአንድ ቁመት ተሰልፈው ይጮኻሉ። እንዲያውም ከበሮውና ቤዙ ጣሪያውን በገፉ ቁጥር መሣሪያው ሁሉንም በአንድነት ስለሚደፍቅ፣ ዘፋኙ ከልቡ በጮኸባት ቅጽበት ድምፁ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። የዘፈኑን ሞገድ በኮምፒውተር ከፍቶ የሚያይ ሰውም ከዳር እስከ ዳር ቀለም የተሞላ አራት ማዕዘን እንጂ ሞገድ የሚባል ነገር አያገኝም።

ቀጥሎ የቦታ አጠቃቀማቸው ነው። በሸክላ ዘመን ድምፅ በጎላ ቁጥር መርፌዋ የምትሄድበት መስመር ስለሚሰፋ፣ ከልክ በላይ የጮኸ ሸክላ ወይ የሚይዘው ደቂቃ ያንሳል፣ ወይ መርፌዋን ያዘልላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ ከዚህ ገደብ ገላገላቸው፤ በ16 ቢት ቀረጻው፣ እጅግ በረቀቀው ድምፅና በመጨረሻው ጩኸት መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ያህል ስፋት ሰጣቸው። እነርሱስ ምን አደረጉበት? 96 ፎቅ ያለው ሕንፃ ተረክበው፣ ቤተሰቡን ሁሉ ከላይኞቹ ጥቂት ፎቆች ውስጥ አጨናንቀው አሰፈሩት። ጣሪያው የነካው ራስ ደግሞ ይቆረጣል። ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም፤ በዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ስለሆነና ከዚያ በላይ የሚመዘገብ ነገር ስለሌለ፣ ጣሪያውን አልፎ የተገፋው የሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠፍጣፋው ጫፍም ሙዚቀኞቹ ያልተጫወቱትን ሻካራ ድምፅ ይወልዳል። በዚህ ግርዛት ቀዳሚው ሟች የስኔር ከበሮ ነው፤ በትሩ ቆዳውን የሚነካባት ያቺ ስል ቅጽበት ትጠፋና የካርቶን ድምፅ ትቀራለች።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደመመኝ ግን የዘፋኙ ትንፋሽ ነው። በቀድሞው እትም ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ፣ ልብ ብሎ ላዳመጠ ብቻ የምትሰማ ሽው የምትል ነገር ነበረች። ኮምፕሬሰሩ የጎላውን ደፍቆ የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ ሲያነሣ ያቺ ትንፋሽም አብራ ተነሣች፤ በአዲሱ እትም ከጊታር ሶሎው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆማለች። አየሩን የሳበው በግራ አፍንጫው ይሁን በቀኝ ለመለየት ውድ ማዳመጫ አያስፈልግም። ከአዝማቹ በፊት የሳባት ደግሞ ረዘም ያለች ስለሆነች ሰውዬው በቀረጻው ቀን ጉንፋን ይዞት እንደነበር እጠረጥራለሁ። ይህን ያህል ማዕረግ የደረሰች ትንፋሽ በአልበሙ ጀርባ ላይ ስሟ ከሙዚቀኞቹ ተርታ ሊጻፍ፣ ከሽያጩም ድርሻዋ ሊታሰብላት ይገባል። የከበሮው ፔዳል ሲጢጥታ ዘይት ያልቀባው ሰው ማን እንደሆነ በአደባባይ ያጋልጣል፤ የጊታር ማጉያው እዝዝታ የባንዱ አምስተኛ አባል ሆኗል፤ የድሮው ቴፕ ሽሽታም የሙዚቃ ሃያሲዎችን ትንታኔ ይጠብቃል። ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ፣ ዘፈኑ እንደ ረባሽ ተቆጥሮ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ብቻውን በልዩ እትም እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። እርሱም መቼም ማስተር ይደረጋል፤ ትንፋሹ ጣሪያ ላይ ሲለጠፍ በሁለት ትንፋሾች መካከል ያለችው ዝምታ ተራዋን ጠብቃ ትነሣለች፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ጆሮውን የጣለ ሰው ከመስታወቱ ወዲያ «ጨምር!» የሚለውን አለቃ ጥርት አድርጎ ይሰማዋል።

ለነገሩ አለቃው ሳይንስ ይዟል። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል፤ ስለዚህ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አሰምተው ሁለተኛውን ጥቂት ከፍ ቢያደርጉት፣ ሰሚው የተሻለው እርሱ ነው ብሎ ይምላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። ብልሃቱን፣ ሳንቲም ሲገባባቸው ሸክላ የሚያሰሙ ማጫወቻዎች በነበሩበት ዘመን፣ የሸክላ አሳታሚዎችም ያውቁት ነበር፤ ሆኖም መርፌዋ ትገራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መጪውን ድምፅ አስቀድሞ እያየ የሚደፍቅ ዲጂታል ሊሚተር ሲመጣ የሚገራ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አለቃው የራሱን አልበም ዐሥር ሰከንድ፣ የተቀናቃኙን ዐሥር ሰከንድ ያዳምጥና «የእነርሱ ይበልጣል» ብሎ ይፈርዳል፤ የቀረውን ሃምሳ ደቂቃ የሚያዳምጠው ሌላ ሰው ነውና።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁመው። በአንዳንድ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ አዲሱ እትም ሲገባ የቀድሞው ከመደርደሪያው ይወርዳል። ይህ ጥበቃ ሳይሆን ማጥፋት ነው። ያ ከበሮ መቺ እጁ እስኪዝል የመታውን፣ ድምፅ ቀራጩ ሌሊቱን ሙሉ ማይክሮፎን እያንቀሳቀሰ የያዘውን ሥራ፣ የማይመለከተው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨፍልቆት «ተሻሻለ» ብሎ እንደገና ይሸጥልናል። ከሙዚቀኞቹ አንዳንዶቹ በሕይወት ስለሌሉ የሚከራከርላቸው የለም። አልበሙን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ወጣት ደግሞ ሲሰለቸው ጥፋቱን የሚጥለው በባንዱ ላይ ነው። በዚህ እቆጣለሁ።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ዝነኛ የሄቪ ሜታል ባንድ ያወጣው አልበም እጅግ ከመጨፍለቁ የተነሣ፣ አድናቂዎቹ በቪዲዮ ጌም ውስጥ የገባው ቅጂ ከሲዲው የተሻለ ሆኖ አግኝተውት፣ አልበሙ እንደገና ተሠርቶ እንዲወጣ በሺዎች ሆነው ፈርመዋል። ሙዚቃ በአግባቡ ለመስማት ጌም መግዛት የሚያስፈልግበትን ዘመን ያመጡልን እጆች ይባረኩ።

ከሁሉ የሚልቀው ጽናታቸው ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የድምፅን ጉላት የሚለካ መስፈርት ካወጣ በኋላ፣ ታላላቆቹ መተግበሪያዎች በዚሁ እየለኩ የጮኸውን ዘፈን በራሳቸው ዝቅ ማድረግ ጀመሩ፤ የተለመደው ልክም ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ (የዚሁ መስፈርት የጉላት መለኪያ) አካባቢ ነው። ከዜሮ በታች 6 ላይ የተጨፈለቀ ዘፈን እንግዲህ ስምንት ዴሲቤል ተቀንሶበት፣ ካልተጨፈለቀው ጎን እኩል ይሰማል፤ ከበሮው ግን እንደ ተቆረጠ ይቀራል፣ ያልተጨፈለቀው ዘፈን ከበሮም ከነጫፉ ይበልጠዋል። ይህ ሁሉ በቁጥር ተሰልቶ ለአለቃው ሲነገረው ጥቂት ያስባል። «እንግዲያው 4 ላይ አድርሰው» ይላል። ባለሙያው ያደርሰዋል፤ መተግበሪያውም ዐሥር ዴሲቤል ቀንሶ ያሰማዋል።