በአምስት ጨዋታ የተፈረደበት ኮርነርባክ

የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ የሆነው ዋሽንግተን ኮማንደርስ እ.ኤ.አ. በ2023 ድራፍት (ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) በ16ኛ ተራ የመረጠው ወጣት ኢማኑኤል ፎርብስ ይባላል። የ22 ዓመት ልጅ ነበር። የመጣው ከሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኖቬምበር 2024 ሲያልቅ ክለቡ አሰናበተው። በምትኩ ተጫዋችም የድራፍት ዕጣም አላገኘም። ሎስ አንጀለስ ራምስ ወዲያው በነፃ ወሰደው።

የዋሽንግተን ደጋፊዎች ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ዘግተውታል፦ «አልቻለም»። እኔም የዚህ ቡድን ደጋፊ ነኝ፣ በዚህ ፍርድ ግን አልስማማም። ያ ልጅ የተፈረደበት ሳይማር ነው። ክለቡ ያባከነው ደግሞ አንድ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ዓመታት የሚፈልግ ሥራ ጀምሮ በአንድ ወር አቋርጦታል።

የአሜሪካ ፉትቦል ለማይከታተል ሰው የኮርነርባክን ሥራ ባጭሩ ላስረዳ። ኳርተርባኩ ኳስ የሚወረውርላቸው ፈጣን ተጫዋቾች አሉ፣ ሪሲቨር ይባላሉ። ኮርነርባክ እነሱን ይጠብቃል። ሪሲቨሩ የት እንደሚሮጥና የት ላይ እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያውቃል፣ ኮርነርባኩ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ኋላ እየሮጠ የሰውዬውን ወገብ ያያል፣ ይገምታል፣ ከዚያ በቅጽበት ዞሮ እኩል መሮጥ አለበት። ግማሽ እርምጃ ከዘገየ አለቀ።

ሕጉም ከእሱ ጋር አይደለም። ከ1978 ጀምሮ ተከላካይ ሪሲቨሩን መግፋት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች (ወደ 4.5 ሜትር) ውስጥ ብቻ ነው። ኳስ በአየር ላይ እያለ ሰውየውን ካደናቀፈ ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ነው። ኳሱ ጥፋቱ በተፈጸመበት ቦታ ይቀመጣል። ተከላካዩ 40 ያርድ ርቀት ላይ ካጠፋ ተቃራኒው ቡድን ኳሱ ሳይያዝ 40 ያርድ ያገኛል። ኮርነርባክ እንደ እግር ኳስ በረኛ ነው፣ ስህተቱን የሚሸፍንለት ሰው የለም። ሌላው ተከላካይ ሲሳሳት ክምር ውስጥ ይጠፋል። እሱ ሲሳሳት ስታዲየሙ በሙሉ ያየዋል፣ ቴሌቪዥኑም ደጋግሞ ያሳየዋል።

ወደ ፎርብስ ልመለስ። በኮሌጅ 14 ኳስ ነጥቋል። ከእነዚህ ውስጥ 6ቱን ይዞ እስከ ተቃራኒው ሜዳ ጫፍ ሮጦ ነጥብ፣ ማለትም ታችዳውን፣ አስቆጥሯል። በኮሌጅ ፉትቦል የላይኛው ክፍል ከዚህ በላይ ያደረገ አልነበረም፣ ክብረ ወሰን ነው። ጎልቶ የወጣው ርቀቱን ጠብቆ፣ ዓይኑን ኳርተርባኩ ላይ ተክሎ፣ ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ በመገመት ነው። ክብደቱ ግን በድራፍቱ ፍተሻ ላይ 166 ፓውንድ ነበር፣ ወደ 75 ኪሎ። ይህን ሁሉም ክለብ ያውቅ ነበር፣ ዋሽንግተንም ጭምር።

ታዲያ ምን ሆነ? ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ፊላደልፊያ ላይ የባለሜዳው ቡድን ሪሲቨር ኤ.ጄ. ብራውን ፊት ለፊቱ ቆመ። ብራውን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዚያ ቀን 9 ኳስ ይዞ 175 ያርድና 2 ታችዳውን አስመዘገበ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ማታ፣ ቺካጎ ቤርስ መጣ። ሪሲቨራቸው ዲ.ጄ. ሙር 230 ያርድና 3 ታችዳውን አስመዘገበ። ዋሽንግተን በገዛ ሜዳው 40 ለ 20 ተሸነፈ። ይህ ሁሉ በፎርብስ ላይ የመጣ አይደለም፣ የብዙ ሰው ስህተት ነበረበት። የወጣው ግን ፎርብስ ነው። ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ሄደ።

አምስተኛ ጨዋታው ነበር እንግዲህ። አምስተኛ!

የሚያናድደኝ የመጀመሪያው ምሽት አይደለም። አሰልጣኝ ተጫዋች ይቀይራል፣ ያለ ነው። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በኅዳር ወር፣ ከዳላስ ጋር 45 ለ 10 ከተሸነፉ ማግስት፣ የመከላከያው ኃላፊ ጃክ ዴል ሪዮ ተባረረ። የኋላ ተከላካዮቹ አሰልጣኝም አብሮ ሄደ። የውድድር ዘመኑ 4 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ሲያልቅ ዋናው አሰልጣኝ ሮን ሪቬራም ተሰናበተ። ባለቤቱም ገና መለወጡ ነበር፣ ጆሽ ሃሪስ ክለቡን የገዛው በዚያው ክረምት ነው። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ የመረጡትንም ያስተማሩትንም አጣ። በ2024 አዲሱ ኃላፊ አዳም ፒተርስና አዲሱ አሰልጣኝ ዳን ኩዊን መጡ። እነሱ እሱን አልመረጡትም። እሱ ላይ የሚያስቀጥላቸው ምንም ዕዳ አልነበረባቸውም። በመጀመሪያው ጨዋታ ደግሞ አውራ ጣቱ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የቀረው ጊዜ ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው «ልምምድ ላይ ይማር፣ ከዚያ ይሰለፍ» ይላል። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ችግሩ ልምምድ የለም። ክለቦቹና የተጫዋቾች ማኅበር በ2011 የተፈራረሙት ስምምነት ልምምድን በጣም ቀንሶታል። በመደበኛው የውድድር ዘመን ሙሉ መከላከያ ለብሶ መላተም የሚፈቀደው 14 ጊዜ ብቻ ሆነ። ለተጫዋቾች ጤና ተገቢ ውሳኔ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ዋጋው ግን በወጣቶቹ ላይ ወድቋል። ኮርነርባክ በባዶ ሜዳ የእግር ሥራ ሊለማመድ ይችላል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረቱን ሲገፋው ሚዛኑን መጠበቅ ግን የሚማረው እውነተኛ ጨዋታ ላይ ነው። እውነተኛ ጨዋታ ላይ መማር ማለት ደግሞ በሰው ፊት መሸነፍ ማለት ነው። ይህን አውቆ ያልተዘጋጀ ክለብ ወጣት ኮርነርባክ ባይመርጥ ይሻለዋል።

ጎረቤታችን ፊላደልፊያ ምን እንዳደረገ እንይ። (ስማቸውን በበጎ ማንሳት ለዋሽንግተን ደጋፊ ከባድ ነው፣ ግን እውነቱ ይነገር።) በ2024 በ40ኛ ተራ ኩፐር ዲጂንን መረጡ። ከውድድር ዘመኑ በፊት ተጎድቶ ስለነበር አልቸኮሉበትም። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ከሌላ ተጫዋች ጀርባ ቆሞ ቆየ። ከእረፍት ሳምንታቸው በኋላ ቦታውን ሰጡት፣ የሰጡትም ከሪሲቨሮች መሃል የሚሠራበትን አንድ የተወሰነ ሥራ ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ በሱፐር ቦውል ላይ፣ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ የፓትሪክ ማሆምስን ኳስ ነጥቆ ታችዳውን አስቆጠረ። 22ኛ የልደት ቀኑ ነበር። ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸነፈ።

ዋሽንግተንም ቢሆን ሲፈልግ ያውቅበታል። ማይክ ሳይንሪስቲል ምስክሬ ነው። የተወለደው ሄይቲ፣ ፖርት ኦ ፕራንስ ነው። ሕፃን ሳለ ቤተሰቦቹ ወደ አሜሪካ አመጡት፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤቨረት በምትባል ከተማ አደገ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሪሲቨር ሆኖ ነው። በ2022 አሰልጣኞቹ ወደ ኮርነርባክ አዞሩት። ከባዶ ጀመረ ማለት ይቻላል። በሁለተኛ ዓመቱ 6 ኳስ ነጥቆ ከቡድኑ ጋር የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ኮማንደርስ በ2024 በ50ኛ ተራ ወሰደው። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ80 በታች ስለሆነ መሃል ላይ ይሠራል ተብሎ ነበር የታሰበው። ጉዳት ሲበዛ ግን ወደ ዳር ወጣ፣ ከእሱ በጣም የሚረዝሙ ሰዎች ፊት። ኳስ አስቆጠሩበት። አሰልጣኝ ኩዊን ግን አላወጣውም። ጃንዩዋሪ 2025 ላይ ዲትሮይትን 45 ለ 31 ባሸነፉበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሁለት ኳስ ነጠቀ። ያን ምሽት ዋሽንግተን ውስጥ የነበረ ሰው ደስታውን ያውቀዋል።

ሁለቱ ልጆች በአንድ ክለብ፣ በተከታታይ ዓመታት የተመረጡ ናቸው። አንዱን ሲሳሳት አስቀመጡት፣ ሌላውን ሲሳሳት አቆዩት። የተሰጥኦና የጠባይ ልዩነት የለም አልልም። አሠራሩ ግን ሙሉ በሙሉ የተለያየ ነው።

«ታዲያ ኮርነርባኩ ሶስ ጋርድነር እንዴት ወዲያው ቻለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ጋርድነር በ2022 በ4ኛ ተራ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሊጉ ምርጥ ኮርነርባኮች አንዱ ሆነ። በጀማሪነቱ የሊጉ ምርጥ አስራ አንድ ውስጥ የገባ ኮርነርባክ ከ1981ዱ ከሮኒ ሎት በኋላ አልነበረም። አርባ ዓመት መሆኑ ነው። በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣን ሰው መለኪያ አድርጎ ሌላውን ልጅ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ክብደቱስ?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ክብደት አለው። ቀጭን ኮርነርባክ ትልቅ ሪሲቨር ሲገፋው ይቸገራል። መልሴ ግን እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ አለ። ዳረል ግሪን 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነበር። በ1983 የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ምርጫ ነበር። 20 የውድድር ዘመን በአንድ ክለብ ተጫወተ፣ ሁለት ሱፐር ቦውል አሸነፈ፣ በ2008 የክብር አዳራሽ ገባ። በእርግጥ የግሪን ፍጥነት ለማንም አልተሰጠም። ቢሆንም ትንሽ ሰውን በፍጥነቱና በብልጠቱ የሚያሠራ ክለብ ዘንድ ትንሽ ሰው ይሠራል። ፎርብስን ግን ከጥንካሬው አውጥተው ከድክመቱ ጋር አፋጠጡት።

ሌላም ዋጋ አለ። ፎርብስ ሊሰናበት ሳምንታት ሲቀሩት ክለቡ ከኒው ኦርሊንስ ኮርነርባክ ማርሾን ላቲሞርን አስመጣ። ለዚህም ሦስተኛ ዙርን ጨምሮ የድራፍት ዕጣዎች ከፈለ። ያላሳደጉትን ከገበያ መግዛት ግድ ይላል፣ ውድ ነው።

ፎርብስ ራምስ ቤት ሄዶ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልታየም። በ2025 የራምስ ኮርነርባክ አኬሎ ዊዘርስፑን ሲጎዳ ግን ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ኮከብ ሆኗል አልልም። ያኔም ኳስ ይያዝበት ነበር፣ ያኔም ይቀጣ ነበር። ግን ይሰለፍ ነበር። በመጥፎ ቀን ማግስትም ይሰለፍ ነበር። ለኮርነርባክ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው።

ይህ ነገር እኛን ሐበሾችን የሚመለከት ጎንም አለው። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ጨዋታ ይወዱታል፣ አንዳንዶቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጫወቱታል። ፈጣን ግን ቀጭን ልጅ ብዙ ጊዜ ኮርነርባክ ላይ ይሰለፋል። ልጅዎ ኳስ ባስቆጠሩበት ማታ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ነገር «ለምን አልያዝከውም?» ባይሆን ደስ ይለኛል። እግሩ የት እንደነበር፣ ምን እንዳየ ይጠይቁት። እሱ የሚያስረዳው ይኖረዋል፣ እርስዎም ጨዋታውን ይማራሉ።

ኮማንደርስ በ2025 ድራፍት ሁለተኛ ዙር ሌላ ወጣት ኮርነርባክ ወስዷል፣ ትሬይ ኤሞስ። ያ የውድድር ዘመን በ5 ድልና በ12 ሽንፈት አለቀ፣ መከላከያውም ተዳክሞ ነበር። ሳይንሪስቲልም እንደ መጀመሪያ ዓመቱ አልቀለለውም፣ ጉርምርምታው ደግሞ ተጀምሯል። ከክለቡ የምጠብቀው ግልጽ ነው። ለእነዚህ ሁለት ልጆች አንድ የተወሰነ ሥራ ይስጧቸው። የኋላ ተከላካዮቹን አሰልጣኝ በየዓመቱ አይለዋውጡ። ከሁለቱ አንዱ በሐሙስ ማታ ጨዋታ 3 ታችዳውን ቢያስቆጥሩበት፣ በሚቀጥለው እሁድ እዚያው ቦታው ላይ ያሰልፉት።