ተከታይ መግዛት ደንበኛ አያመጣም

«በጣና ዳር አሣ ቤት የከፈተ ሰው መጀመሪያ ለፌስቡክ ገጹ አሥር ሺህ ተከታይ ይግዛ» ላሉት ወንድሜ፦ ይህ ብዙዎች የሚያምኑት ስሕተት ነው። ፌስቡክ አንድን ጽሑፍ ለተከታዮች ሁሉ አያሳይም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ለውጥ ሰዎች የሚወያዩበትን ማስቀደም ጀምሯል። የተገዛ ተከታይ አይጠይቅም፣ አስተያየት አይሰጥም፣ ባሕር ዳር መጥቶም አሣ አይበላም። በቴሌግራም ቻናልማ የተመልካቹ ቁጥር ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ስለሚታይ ነገሩ ወዲያው ይታወቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቤቱ ሰዎች አለመነጋገር ነው። ገጹን የያዘው ልጅ ጠዋት የአምባዛ ፎቶ ይለጥፋል፤ አሣ አጥማጁ ያመጣው ግን ቆሮሶ ብቻ ነው፤ አስተናጋጇም የተለጠፈውን ዋጋ አልሰማችም። እንግዳው ተናዶ የሚወጣው በዚህ ነው! ለተከታይ ያሰቡትን ገንዘብ ይተዉትና፣ ምግብ አብሳዩ የዕለቱን አሣ ሳይናገር ምንም እንዳይለጠፍ ያድርጉ።