የፀሐይ ነፋስ ከብሩሁ ጨረር ይነሣል ወይስ ከጨለማው ክፍተት?

የፀሐይ ነፋስ ከፀሐይ ወደ ጠፈር ያለማቋረጥ የሚፈስ የቅንጣቶች ጅረት ነው። ተከራካሪዎቹ የደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህርና መሐል ሜዳ የምትኖር የቀድሞ ተማሪያቸው ናቸው።

መምህሩ፦ በሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በፀሐይ ዋልታዎች ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰድረው የሚታዩት ቀጫጭን ጨረሮች፣ ፕሉም የሚባሉት፣ ለእኔ የፈጣኑ የፀሐይ ነፋስ ዋና መውጫ ናቸው። ዩሊሲስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ከዋልታዎቹ በላይ ስታልፍ በሰከንድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ነፋስ አግኝታለች፤ ፕሉሞቹም የተተከሉት እዚያው፣ መግነጢሳዊው መስክ ወደ ጠፈር ክፍት በሆነበት የኮሮና (የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ) ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከግርጌያቸው የመስክ መስመሮች ተበጥሰው ከሌሎች ጋር ሲያያዙ ጋዝ ሽቅብ ይፈናጠራል። ይህን ትተን ነፋሱን በፕሉሞቹ መካከል ካለው ባዶ ክፍተት የምንፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ የምከራከርዎ እርስዎ ባስተማሩኝ ነው። በመንዝ የውርጭ ማለዳ የሣር ክዳን ቤት ሲታይ ጭሱ ከጉልላቱ ሥር ወፍሮ ይወጣል፤ ሙቀቱ ግን ከክዳኑ ሁሉ እንደሚያመልጥ እጁን ሣሩ ላይ ያሳረፈ ያውቀዋል። ፕሉሙም የደመቀው እፍግታው ከዙሪያው ስለሚበልጥ ነው፤ ድምቀት ደግሞ የፍጥነት ምስክር አይሆንም። ይበልጥ የሚያሳምነኝ የንጥረ ነገሮቹ ምጥጥን ነው። በአንዳንድ ፕሉሞች ውስጥ እንደ ማግኒዝየም ያሉት፣ ኤሌክትሮናቸውን በቀላሉ የሚለቁት፣ ከኒዮን አንጻር በዝተው ተለክተዋል፤ በፈጣኑ ነፋስ ውስጥ ግን ይህ ብዛት እምብዛም አይታይም። ነፋሱ ከፕሉም ቢነሣ ኖሮ ይህን ምልክት ይዞ በደረሰ ነበር።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው። ቢሆንም ልኬቱ ከፕሉም ወደ ፕሉም ይለያያል፤ ከአንዱ ተነሥቶ በሁሉም ላይ መፍረድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ የምስል ትንተናዎች እንዳሳዩት ደግሞ አንዱ ፕሉም ራሱ የብዙ ቀጫጭን ክሮች ጥምር ነው። ባዶ የምትዪው ክፍተትም እንዲህ ያሉ ደብዛዛ ክሮችን ይዞ ሊሆን ይችላል።

ተማሪዋ፦ ደብዛዛውንም ፕሉም ካሉት ክርክራችን የስም ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሶላር ኦርቢተር መንኮራኩር ምስሎች የታወቁት ጥቃቅን ጄቶች (ሽቅብ የሚፈናጠሩ የጋዝ ጅረቶች) ስፋታቸው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 100 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወረወራሉ። የታዩትም በኮሮናው ጉድጓድ ውስጥ ተሰራጭተው ነው። እነዚህ ሁሉ ከፕሉም ግርጌ ብቻ መነሣታቸውን እስኪያሳዩኝ ድረስ ነፋሱን ለፕሉም አልሰጥም።